ነጎድጓድ ባንድ ድምፁን ቀነሰ

ኪሮስ እስከ አራተኛው ዘፈን ድረስ ራሱን ጠበቀ። አልመጣም።

ባጃጇ የቆመችው ከጭሮ መናኸሪያ ማዶ፣ ጎሚስታው ደጃፍ ነው። ኪሮስ ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን አቅፎ፣ አንገቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አስግጓል። ሹፌሩ ቅዱስ ከፊት ሆኖ ለውዝ እየፈለፈለ ያኝካል። በመጀመሪያው ዘፈን ጊታር አለ፤ የእስክንድር ነው። በሁለተኛው ዘርፈሽዋል ትዘፍናለች፤ ያውም ጎረቤት እንዳይሰማት የፈራች ይመስል። በሦስተኛው ጎበዜ ቤዝ ጊታሩን አንዴ ይነካና፣ ያስብበትና፣ ደግሞ ይነካዋል። ሁሉም ተራ በተራ መጡ። የቀረው የባንዱ ድራመር ብቻ ነው፤ ድራመሩ ደግሞ ኪሮስ ነው።

"ጋሼ፣" አለ ቅዱስ አምስተኛው ዘፈን ላይ፣ "መቼ ነው የሚጀምረው?"

"ከጀመረ ሃያ ደቂቃ አልፎታል።"

"ውይ! እኔ ደግሞ ገና መሣሪያ እየቃኙ መስሎኝ።" ለውዙን ዋጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይቅርታ ጋሼ፣ ሰው ሞቶባችሁ ነው እንዴ?"

"ማንም አልሞተም። ከፍ አድርገው።"

"እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌዋለሁ። ከፍ የሚል ነገር የለውም።"

ጭሮ ውስጥ አንድ ዘፈን ባጃጅ ካልተሳፈረ የትም አይደርስም። ሬዲዮ ቢያጫውተው፣ ስልክ ላይ ቢለቀቅ፣ ከመናኸሪያ ገበያ የሚመላለሱት ሹፌሮች ካልወደዱት እንዳልተዘፈነ ይቆጠራል። ቅዱስ ደግሞ መቶ አርባ ሹፌሮች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለቃ ነው፤ እሱ ጠዋት የለቀቀውን ከተማው ማታ ያፏጨዋል። ለዚህ ነው እስክንድር ትናንት ፍላሹን ለኪሮስ ሰጥቶ "አንተ ታውቃቸዋለህ፣ አድርስልኝ" ያለው። ኪሮስ ቤት ፍላሽ የሚሰካበት ነገር ስለሌለ፣ የራሱን ባንድ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በሰው ባጃጅ ውስጥ ነው።

ነጎድጓድ ባንድ ከተመሠረተ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ ምክንያቱ የኪሮስ እጅ። ኪሮስ ቀን ቀን ላሜራ እየቀጠቀጠ አሸንዳና ምድጃ ይሠራል፤ ማታ ማታ ያንኑ እጁን ሳያሳርፍ ድራም ላይ ያወርደው ነበር። ሂርና ውስጥ እነሱ የሚጫወቱበት ሠርግ የጥሪ ካርድ አያስፈልገውም ይባል ነበር፤ የሰማ ሁሉ ይመጣል፣ ያልሰማ የለም። ገለምሶ ላይ አንዲት በቅሎ በሁለተኛው ዘፈን ገመዷን በጥሳ ጠፍታ በሦስተኛው ቀን ሌላ ወረዳ፣ ቦኬ ተገኝታለች። ባለቤቷ ካሣ ሊጠይቅ መጥቶ ሲጨፍር አምሽቶ ሄደ። ከዚያ ዲጄ መጣ። ዲጄ አንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰሐን ይበላል። ባንድ አራት ሰሐን ይበላል። ነጎድጓድ ስድስት ዓመት ዝም አለ።

ባለፈው ክረምት ጊታሪስቱ እስክንድር፣ ከፊዚክስ መምህርነት ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ "አዲስ ዘፈን አለኝ" ብሎ ሰበሰባቸው። የቀረጹት በእሱ ቤት፣ የኋላው ክፍል ውስጥ ነው። ኪሮስ ሁለት ቀን ሙሉ ስምንቱንም ዘፈን ደለቀ። ጎረቤት ሁለት ጊዜ በር አንኳኳች፤ እሱ እንደ ደህና ምልክት ወሰደው። ሰባት ወር ጠበቀ። ይኸው ወጣ፤ ድራሙ ግን የለበትም።

ሰው ከሥራው ሲሰናበት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ለኪሮስ በዘፈን ተነገረው።

ይባስ ብሎ ዛሬ ከአስር ሰላት መልስ አልበሙ ለሕዝብ የሚቀርብበት ቀን ነው። በሆቴሉ አዳራሽ ባንዱ በአካል ቀርቦ ይጫወታል ተብሎ ማስታወቂያው ግድግዳ ሁሉ ላይ ተለጥፏል። ኪሮስ የታየው ራሱ ነው፤ መቶ ሰው ፊት እጁን አጣምሮ፣ ባለቤቱ እንዳልመጣለት ዕቃ ተቀምጦ።

ስልኩ ጮኸ። የሆቴሉ ባለቤት ኢርሻድ ነው።

"ኪሮስ! ድራምህን በጋሪ አስመጥቼዋለሁ። አጥበን፣ ወልውለን አቆምነው። ወላሂ ሙሽራ መስሏል።"

"መልሰው።"

"ማል ታኤ? ምን ሆነህ?"

"አልበሙ ላይ ድራም የለም።"

 ኢርሻድ ስልኩ ውስጥ ጮኸ።

"አቦ፣ የለም ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ማስታወቂያው ላይ 'ነጎድጓድ ተመልሷል፣ ጆሮዎን ያዘጋጁ' ብዬ የመብረቅ ሥዕል አሠርቻለሁ! ስማኝ፣ ሰው ጫቱን እየቃመ በርጫው ላይ ይተኛብኛል። አሁኑኑ ሹክሪያ ጋ ሂድ፤ ድራም ታስገባበት። እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ አያለሁ። ሰው ከቀዘቀዘ እጄን እዘረጋለሁ፤ አንተ ፍላሹን ትሰጠኛለህ፤ በትልቁ ማጉያ እለቀዋለሁ። በቃ። የማንም ክብር አይነካም።"

ኪሮስ ፍላሹን ነቀለ። "ስድስተኛው ላይ እኮ ነን" አለ ቅዱስ። "ለግሩፑ ምን ልበላቸው?"

"ይመጣል በላቸው።"

ሹክሪያ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ሴት ናት። ሱቋ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበርና ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሙሽሮች አሉት፤ ሙሽሮቹ ግድግዳው ላይ ናቸው። ወንበሮቹ ላይ ቪዲዮአቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ ከተጋቡ አምስት ወር ስለሆናቸው አይነጋገሩም።

ኪሮስ ጉዳዩን ነገራት። ማዳመጫውን ሻሿ ላይ አጥልቃ ስትሰማ ቆየችና "ጋሽ ኪሮስ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለች።

"አስገቢበት።"

"የትኛውን ዓይነት? የሠርግ፣ የክለብ፣ የስፖርት ቤት..."

"የሠርግ።"

ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። የመጀመሪያው ዘፈን ከታች ድለቃ ተነጥፎለት ሲወጣ የባልየው ጉልበት መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሚስትየው ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ከዚያ ተያይተው ሳቁ። ኪሮስ ደስ አለው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

"ይሄ የሚመታው ማነው?"

"ኮምፒውተሩ ነዋ።"

"ከየት ተማረ?"

"እንጃ። ሲገዛ አብሮ መጣ።" ሹክሪያ ፍላሹን ነቅላ ሰጠችው። "ሁሉም ላይ አስገብቻለሁ። ሰባተኛውን ግን አልነካሁትም።"

"ለምን?"

"ቦታ የለውም። እዚያ ላይ የሚመታ ሰው አለ።"

"ምን ሰው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! መጀመሪያ ዝናብ መስሎኝ ነበር። ግን ዝናብ አይቆጥርም፤ ይሄ ይቆጥራል። ላሰማዎት?"

ኪሮስ ወጥቶ ሄዷል። በድራም ቦታ ባዶ መተው አንድ ነገር ነው። ሌላ ሰው አምጥቶ ማስመታት ግን ሌላ ነው። ሽቅብ ወደ እስክንድር ቤት ሲወጣ የሚያውቃቸውን ድራመሮች ሁሉ በየስማቸው አነሳ፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ድሬዳዋ መጋዘን ይጠብቃል። በሩ ላይ ሲደርስ የድሬዳዋውን ወስኖበት ነበር።

እስክንድርና ዘርፈሽዋል ለዛሬው እየተለማመዱ ነው። ዘርፈሽዋል ቀን የእህል መደብር አላት፤ የቀኑን ዱቄት እንኳ ከቀሚሷ ሳታራግፍ መጥታለች።

"ማነው?" አለ ኪሮስ ቆሞ።

"ማን ማነው?" አለ እስክንድር።

"ሰባተኛው ላይ ያለው። የድሬዳዋው ነው አይደል?"

ዘርፈሽዋል እስክንድርን አየችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ እንደ ድምፅዋ ሁሉ ረጅም ነው። "እስቲ አሰማው። በማርያም፣ ፊቱን ልየው።"

"አትሳቂብኝ፣ ዘርፌ! ሠላሳ ስድስት ዓመት..."

"ተቀመጥ" አለ እስክንድር፣ ልክ ክፍል ውስጥ ላለ ተማሪ እንደሚናገር። ኪሮስ ተቀመጠ። የፊዚክስ መምህር ተቀመጥ ሲል የማይቀመጥ የለም።

ዘፈኑ ጀመረ። መጀመሪያ ጊታር አንድ ክር ብቻ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከውጭ በኩል፣ ቀጭን ምት መጣ፤ ጢን፣ ጢን፣ ጢን። ትንሽ ቆመ። ጢን። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያለ ይመስላል። ጢን፣ ጢን። በመሀል አንዱ ጥብ አለ፤ ተመልሶ እዚያው ነካ፤ አሁንም ጥብ። ዘርፈሽዋል ምቱ ካበቃ በኋላ ገባች፤ ስለ ገበያው ነው የምትዘፍነው፤ ጫት ጫኞቹ አይሱዙዎች ከሄዱ በኋላ ባዶ ስለሚሆነው ሜዳ፣ መሬት ላይ ስለሚቀረው የጫት ገራባ፣ ሁሉም ሸጦ ስለሄደበት ዝምታ።

ኪሮስ ያንን ጥብ ያውቀዋል። አፉ ተከፈተ።

አሸንዳ ሠሪ መጋጠሚያውን በስታኞ ከበየደ በኋላ በዓይኑ አያምንም። በጥፍሩ እየነካ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የያዘ ብየዳ ጢን ይላል። ያልያዘ ጥብ ይላል፤ እዚያ ላይ ነገ ውሃ ይገባል። ባለፈው ክረምት የእስክንድር ቤት አሸንዳ አፍስሶ ክፍሉ ውስጥ ውሃ ሲገባ ኪሮስ መሰላል ይዞ መጥቶ በይዶለት ነበር። ከበየደም በኋላ እንደ ወጉ ነካክቶታል። ይህንን ሥራዬ ብሎ ለማንም አውርቶት አያውቅም።

"መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ማይኩም ክፍት ነበር" አለ እስክንድር። "ጊታሬን ይዤ አብሬህ ገባሁ። ዘፈኑ የተሠራው ያን ቀን ነው።"

"ሳትነግረኝ?"

"ብነግርህ ድራምህን ይዘህ ትመጣ ነበር።"

ኪሮስ ግን አልለሰለሰም። "የሁለት ቀን ድካሜስ? ለምን ጣልከው?"

እስክንድር መነጽሩን አወለቀ። "ደጋግሜ ሰማሁት። ጎበዝ ነህ፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ሁለቱን ቀን ሙሉ አንዴ እንኳን እኛን አልሰማኸንም። አሸንዳውን ግን እየሰማህ ነው የነካኸው።"

ኪሮስ የጣቱን ጥፍር አየ። 

"ደግሞ ሰዓቱን አስበው" አለች ዘርፈሽዋል። "በርጫ ላይ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰው ሁሉ ያወራል። ከዚያ የጫቱ ምርቃና ይገባና ዝም ይላል። አስር ሰዓት ላይ ይሄ ከተማ ውስጥ ብታስነጥስ ይሰማል። እኛ ምን እናደርግ ነበር? ልክ በዚያ ሰዓት መጥተን እንደልቅባቸዋለን! ሠላሳ ስድስት ዓመት ከሰው ምርቃና ጋር ስንጣላ ኖርን። እስክንድር አሁን በጡረታው ታረቀ።"

ኪሮስ ከኪሱ ፍላሹን አወጣና ሹክሪያ ምን እንደሠራች፣ ኢርሻድ ምን እንዳሰበ ነገራቸው። እስክንድር ሰክቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰማ። ጭንቅላቱ ሳይፈልግ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ።

"ያስጨፍራል" አለ። ነቅሎ መለሰለት። "አልበሙ ላይ ስምህ አለ። ለኢርሻድም ለሹፌሮቹም የፈለግከውን ስጥ። አልጣላህም።"

"ዛሬ ትመጣለህ?" አለች ዘርፈሽዋል ከበሩ ሲወጣ።

"ድራሜ ቀድሞኝ ሄዷል።"

አዳራሹ ሞልቷል። ሰዉ በግድግዳው ዙሪያ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ፣ ኮዳ ውሃውን ከጎኑ፣ እግሩን ወደ መሀል ልኳል። ለአስር ሰላት ወጥተው የነበሩትም ተመልሰዋል። ምሳ ሰዓት ላይ የአገሩን ችግር ሁሉ በየተራ ሲፈቱ የነበሩ ሰዎች አሁን መፍትሔውን ለራሳቸው ይዘው ዝም ብለዋል። ኢርሻድ በዚህ ዝምታ ተጨንቆ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይመላለሳል።

ኪሮስ ድራሙ ኋላ ተቀመጠ። ፍላሹ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። እንጨቶቹን እጁ ውስጥ ያዘ፤ ሌላ የሚያደርግበት አልነበረውም።

እስክንድር የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመረ። ሰው ጠበቀ። ወደ ኪሮስ አየ።

"ኪሮስ! በለው!" ጮኸ አንዱ ከጥግ። ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበ።

የኪሮስ ቀኝ እጅ ከራሱ ፈቃድ ውጪ ከፍ አለ። አየር ላይ አቆመው፤ አገጩን አከከበትና መለሰው። በሁለተኛው ዘፈን እንደዚያው። በሦስተኛው ሁለት ሰዎች ጫማቸውን ፈልገው ወጡ፤ ኢርሻድ እስከ በር ሸኛቸው።  ለኪሮስ ሰው ሁሉ እያየው ይመስለዋል፤ ደግሞም እውነት ነው፣ ያዩታል።

አራተኛው ላይ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ማዳመጥ ጀመረ።

ዘርፈሽዋል ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት ትንፋሽ ትስባለች። ለካ ትስባለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከጀርባዋ ተቀምጦ አንድም ቀን አልሰማውም፤ እሱ ራሱ ነበር የሚከድነው። ጎበዜ ቤዙን የሚነካው ያ ትንፋሽ ባለቀበት ቦታ ነው፤ ሲያስብ የሚመስለው እሷን ሲጠብቅ ነው። ግድግዳው ሥር አንድ አዛውንት ጫት ነጋዴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ "ሱታ... ሱታ..." ይላሉ፤ ቀስ፣ ቀስ። ለማን እንደሚሉ አይታወቅም።

በስድስተኛው ኪሮስ ሌላ ነገር ሰማ። ከዘፈኑ ሥር አንድ ድምፅ አለ፤ ጎርናና፣ የማያቋርጥ፣ ከቅኝቱ ትንሽ ወረድ ያለ። ዘርፈሽዋል ድምፅዋን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ያ ነገር ይውጣታል። በዓይኑ ፈለገ። በሩ አጠገብ ያለው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ነው። ሌላ ማንም አልሰማውም፤ ወይም ሰምቶ ለምዶታል።

ስድስተኛው አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። ዝምታው ወደው ይሁን ተኝተው፣ ኢርሻድ መለየት አልቻለም። ከማቀዝቀዣው አጠገብ ሆኖ ወደ ኪሮስ እጁን ዘረጋ፤ መዳፉን ከፍቶ፣ ጣቶቹን እያጠፈ፤ አምጣ።

ኪሮስ ተነሳ።

እስክንድር ሰባተኛውን ሊጀምር ጣቱን ክሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ዘርፈሽዋል ዞር አለች። "ተናደደ" አለ አንዱ በሹክሹክታ። "እንዴት አይናደድ!" አለ ሌላው። ኪሮስ በተዘረጉት እግሮች መሀል እየተሻገረ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ አዳራሹን አቋርጦ ኢርሻድ ጋ ደረሰ። ኢርሻድ ፈገግ አለና መዳፉን ይበልጥ አቀረበለት።

ኪሮስ አልፎት ሄደ። ማቀዝቀዣው ኋላ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሶኬቱን ነቀለ። ማቀዝቀዣው ተንቀጠቀጠ፤ ጠርሙሶቹ ተጋጩ፤ ዝም አለ። አዳራሹ ውስጥ የስንት ሰው ትንፋሽ እንዳለ ያን ጊዜ ተሰማ።

"አቦ፣ ምን ነካህ!" አለ ኢርሻድ እጁን እንደዘረጋ፣ ሳያውቀው በሹክሹክታ። "ለስላሳው ይሞቅብኛል እኮ!"

"ይሙቅ" አለ ኪሮስ። "ሁለት ዘፈን ነው የቀረን።"